ልጅዎ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ መቼና እንዴት ይወቅ?

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ በመሰጠቱ፣ ቫይረሱ ከእናታቸው የተላለፈባቸው ብዙ ልጆች አድገው ለወጣትነት በቅተዋል። መድኃኒቱን የሚውጡት ግን ሁሉም ምክንያቱን አውቀው አይደለም። እኔ በምሠራበት ጉለሌ ክፍለ ከተማ «የአስም ነው»፣ «ቫይታሚን ነው» እያሉ ዓመታት የሚያሳልፉ ወላጆች አሉ። የመድኃኒቱን ስም ከዕቃው ላይ ልጠው የሚጥሉም አይጠፉም። ልጁ ግን የክሊኒኩን ግድግዳ ያነባል፣ ትምህርት ቤት ስለ ኤች አይ ቪ ይማራል፣ ስልክም አለው። ብዙ ጊዜ ከምንገምተው ቀድሞ ያውቅና እናቱን ላለማስከፋት ዝም ይላል። ብቻውን የሚሸከመው ይህ ዝምታ ነው የሚጎዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ውጤታቸው እንዲነገራቸው ይመክራል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለትንሹ ልጅ መድኃኒቱ ሰውነቱን ከበሽታ እንደሚጠብቅለት መንገር ይበቃል፤ ከፍ ሲል በደሙ ስላለው ተህዋስ፣ ቀጥሎ ስሙን። 14 ወይም 15 ዓመት ከሞላው ግን ከዚህ በላይ አያቆዩ። የፈተና ወይም የሐዘን ሰሞን አይሁን እንጂ፣ የኤ አር ቲ ክሊኒኩ አማካሪ ባለበት ይንገሩት።

ወላጅን የሚያስፈራው «ከማን ያዘኝ?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ለልጅ መንገር የራስንም ምስጢር መግለጥ ነውና። እውነቱን በአጭሩ ይመልሱ፦ «ከእኔ ነው የተላለፈብህ፤ ያን ጊዜ በደሜ እንዳለ አላወቅሁም ነበር»። ያውቁ ከነበረም እንደዚያው ይንገሩት። እርስዎ እንዴት እንደያዝዎት ማስረዳት ግን ግዴታ የለብዎትም። የሚያሳድጉት አያት ወይም አክስት ከሆኑ፣ የሟች ወላጆቹን ስም ሳያጎድፉ ይንገሩት። «ለማንም እንዳትናገር» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ሊያወራቸው የሚችላቸውን ሁለት ሰዎች በስም ይንገሩት።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቢያለቅስ፣ ቢቆጣ ወይም ቢዘጋ ያለ ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ ወይም ትምህርቱን ከጠላ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ያሳክሙት፤ ይድናል። መድኃኒት መዝለልም ስንፍና ሳይሆን የድባቴ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከቁጣ በፊት «ምን ከበደህ?» ብለው ይጠይቁት። ዶሉተግራቪር አንዳንዶችን እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትንም ሊለውጥ ይችላል። ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ አያቋርጡት፤ ጠዋት መውሰዱ ሊበቃ ይችላል። ወደ እንጦጦ ማርያም ፀበል ለምትወጡም፦ ፀበሉ መድኃኒቱን አያስተውም።

ሞትን ይመኝ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፣ መድኃኒቶችንና ስለታም ነገሮችን ከአጠገቡ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ቅዱስ ጳውሎስ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ወጣቶች አፍረው የማይጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ «ማግባት፣ መውለድ እችላለሁ?» መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የቆየ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በሕክምና ክትትል ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድም ይቻላል። እስኪጠይቅዎት አይጠብቁ፤ ውጤቱን በሚነግሩት ሰሞን ይህንንም ይንገሩት።