ሕጉ ስሙን ያልጠራው እርሾ

በጀርመን የባቫርያ ሰዎች «ቫይስቢር»፣ ነጭ ቢራ፣ የሚሉት የስንዴ ቢራ ቅርንፉድና ሙዝ ይሸታል። ቅርንፉድም ሙዝም አልገባበትም። ዛሬ ይህን ቢራ ቤቱ ለመጥመቅ የሚሞክር ሰው ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስንዴውን በልኩ ለክቶ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ ቀን ቆጥሮ ሲቀዳው ወይ ምንም አይሸትም፣ ወይ ቅርንፉዱ በርትቶ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ወይም መፍላቱን መንገድ ላይ አቁሞ ጣፋጭ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ጠማቂው እህሉን ይከሳል፤ ስንዴው ነው፣ ብቅሉ ነው ይላል። የቢራው የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ ግን ክሱ ወደ ሌላ መዞር እንዳለበት ያሳያል። ይህን ቢራ እንዲህ ያደረገው ከስንዴው ይልቅ እርሾውና እርሾው የሚሠራበት ሙቀት ነው።

ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የቆየው አዋጆቹ የእርሾን ስም ስለማይጠሩ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን 1516 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የባቫርያ መሳፍንት ቪልሄልም 4ኛና ሉድቪግ 10ኛ ኢንጎልሽታት ላይ ባወጡት አዋጅ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት አዘዙ። ሆፕ የእኛን የጌሾ ሥራ የሚሠራ መራራ ተክል ነው። ስንዴው ለዳቦ ጋጋሪው እንዲቀር፣ የዳቦም ዋጋ እንዳይንር ታስቦ ነበር። እርሾ በአዋጁ የለም። ጠማቂዎቹ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ከአንዱ ጥምቅ የተረፈውን ዝቃጭ ወይም አረፋ ወደሚቀጥለው መጨመር የዘወትር ሥራቸው ነበር። ግን ከሥራው የተረፈ ነገር እንጂ ከሥራው የሚገባ ነገር መስሎ አልታያቸውም። የእኛ ጠላ ጠማቂስ ብትሆን ብዙውን ጊዜ እርሾ ብላ ለይታ የምትጨምረው ነገር መች አላት? ጌሾውና ጋኑ ይዘውት ይመጣሉ።

ሕጉ ስለ እርሾ ሳያውቅ የተናገረው በ1553 ነው። በዚያ ዓመት መስፍን አልብሬኽት 5ኛ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን እስከ ቅዱስ ሚካኤል፣ ማለትም ከሚያዝያ 23 እስከ መስከረም 29፣ ቢራ እንዳይጠመቅ ከለከለ። (በእኛም አቆጣጠር ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23 ነው፤ ዕለቱ ግን አንድ አይደለም።) ክልከላው የመጣው በበጋ የተጠመቀ ቢራ እየኮመጠጠ ስላስቸገረ ነው። የገብሱ ቡናማ ቢራ እርሾ በቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ፣ ዕቃው ሥር ተኝቶ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው። ሙቀት ሲመጣ ሌሎች ተሐዋስያን ይቀድሙታል። የስንዴ ቢራ እርሾ ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈጥናል፣ በጥቂት ቀን ይጨርሳል፣ ከአረፋው ጋርም ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ገብሱ በታገደበት ወራት ስንዴው ከመሳፍንቱ ልዩ ፈቃድ ባላቸው ሰዎች እጅ ይጠመቅ ነበር። አንዱ እህል ከሌላው ሙቀት የሚችል ሆኖ አይደለም፤ ሙቀቱን የቻለው እርሾው ነው።

የመሳፍንቱም ገንዘብ የመጣው ከዚሁ ነው። ከ1548 ጀምሮ ከዳኑብ ወንዝ ሰሜን የስንዴ ቢራ የመጥመቅ መብት የዴገንበርግ ባላባቶች ነበር። በ1602 የመጨረሻው ዴገንበርግ ወራሽ ሳይተው ሲሞት መብቱ ለመስፍን ማክሲሚልያን 1ኛ ገባ። ማክሲሚልያን ባላባቶቹ ከሚጠምቁበት ከሽቫርትሳህ የጥመቃ ሹሙን ወደ ሙኒክ አስመጣው። በ1607 ደግሞ ኬልሃይም ውስጥ የነጭ ቢራ ቤት ተሠራ። ስንዴ ሙኒክም ሞልቶ ነበር፤ ከሽቫርትሳህ መምጣት የነበረበት ሰውዬውና አብሮት የሚመጣው አረፋ ነው። በ2023 የታተመ የሙኒክ አካባቢ ተመራማሪዎች ጥናት ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እንደ እነርሱ ግምት ዛሬ ዓለም የሚጠጣው የላገር ቢራ እርሾ የተወለደው የሽቫርትሳሁ እርሾና የቡናማው ቢራ እርሾ በሙኒኩ የመስፍኑ ቢራ ቤት ጎን ለጎን በተሠራባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው። ግምቱ ገና ክርክር ላይ ነው፤ እኔ ግን ሚዛን የሚደፋ ሆኖ አገኘዋለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የቅርንፉዱ ሽታ የሚመጣው ፌሩሊክ አሲድ ከሚባል፣ በእህል ቅርፊትና በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ ካለ ነገር ነው፤ እህሉ ታዲያ እንዴት ይዘለላል? እውነት ነው፣ ብቅሉ በ45 ዲግሪ አካባቢ ጥቂት ሲቆይ ይህ አሲድ በብዛት ይለቀቃል፣ ቅርንፉዱም ይጨምራል። ነገር ግን የገብስ ብቅልም ፌሩሊክ አሲድ አለው። አሜሪካውያንም በዚያው ስንዴ፣ ሽታ በሌለው እርሾ፣ ንጹሕ የስንዴ ቢራ ይጠምቃሉ፤ ቅርንፉድ የለውም። በ2016 የቢራ እርሾዎችን ውርስ የመረመሩ ሳይንቲስቶች ያገኙትም ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ የቢራ እርሾዎች አሲዱን ወደ ቅርንፉድ ሽታ የሚለውጡበት ችሎታ በዘመናት ተበላሽቶባቸዋል፤ ሌላው ጠማቂ እንደ ጉድለት ስለሚቆጥረው ሳይሆን አይቀርም። የስንዴ ቢራ እርሾዎች ግን ይዘውት ቀርተዋል።

ሌላው ተቃዋሚ ቢራውን ያቆየው የመሳፍንቱ ሞኖፖል ነው ይላል። ሞኖፖሉ እስከ 1798 ቆይቷል፣ ካዝናም ሞልቷል። ግን የሚሞላው በጋ ላይ ሌላ የሚፎካከረው ቢራ ስላልነበረ ነው። ቡናማ ቢራ ጠማቂዎች ጥልቅ ጓዳዎቻቸውን በበረዶ መሙላት ሲለምዱ፣ የበጋው ክልከላም በ1850 ሲነሳ፣ ስንዴው ተንኮታኮተ። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽኑን በሙኒኩ ሽፓተን ቢራ ፋብሪካ ሲሞክር የሙቀት ፈሪው እርሾ የመጨረሻ መሰናክል ወደቀ። ጌዮርግ ሽናይደር በ1872 የስንዴ ቢራ የመጥመቅ መብት ከንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ እጅ ያገኘው የሚሻማው ስላልነበረ ጭምር ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ኤሚል ክርስትያን ሃንሰን ኮፐንሃገን ውስጥ በ1883 አንዲትን እርሾ ለይቶ እስኪያራባ ድረስ የማንም ዕቃ ንጹሕ አልነበረም፤ ስለዚህ የ1602ቱ ቢራ ቅርንፉድ ሸተተ ማለት አይቻልም። እኔም አልልም። የምለው እርሾው በሙቀት መሥራቱንና ወደ ላይ መውጣቱን ነው። ይህ ጠባይ አሁንም በዓይን ይታያል። በሰፊና ክፍት ዕቃ ውስጥ መጀመሪያ የሆፕ ሙጫ ያዘለ ቡናማ እድፍ ይወጣል፣ ተገፍፎ ይጣላል። ቀጥሎ እንደ ተመታ እንቁላል ነጭ ወፍራም አረፋ ይነሣል፤ ለሚቀጥለው ጥምቅ የሚቀዳው ያ ነው። ጥልቅና ረጅም ዕቃ ውስጥ ከሆነ ግን የፈሳሹ ክብደትና የታመቀው ጋዝ የሙዙን ሽታ ይቀንሳሉ።

ስለዚህ ቤቱ የሚጠምቅ ሰው እህሉን ከመክሰሱ በፊት ሙቀቱንና ዕቃውን ይመርምር። ሙዙ ከበዛ ከ24 ዲግሪ በላይ አፍልቶት ይሆናል፤ በ17 ወይም 18 ይጀምር። ሽታ ከጠፋ የገዛው እርሾ የባቫርያ የስንዴ ቢራ እርሾ መሆኑን ይመልከት። መፍላቱ ቀድሞ ከቆመ ሌሊቱ በርዶት ይሆናል፤ ዕቃውን ሞቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ ቀስ ብሎ ያናውጠው። እንቁላል እንቁላል ከሸተተ አይደንግጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ከጋዙ ጋር ይወጣል። አረፋው ክዳኑን ከገፋ ደግሞ ከዕቃው ሲሶውን ባዶ መተው ነበረበት፤ ወደ ላይ መውጣት የዚህ እርሾ ጠባይ ነው።