የደርወንት ሸለቆና የሁለቱ መንደሮች ዜና

በእንግሊዝ አገር እምብርት፣ በደርቢሸር ሰሜን ወገን፣ ፒክ ዲስትሪክት የሚባል ደጋ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው አምባ ኪንደር ስካውት 636 ሜትር ነው፤ ቁመቱ ብዙ ባይሆንም ነፋሱ ብርቱ፣ ጭጋጉም ድንገተኛ ነው። ድንጋዩ ሻካራና ጠቋራ፣ አፈሩም ውሃ ጠጥቶ የማይጠግብ ጥቁር ረግረግ ነውና፣ እህል አይሆንበትም፤ በግ ይሰማራበታል። ከዚህ ደጋ ደርወንት የሚባል ወንዝ ይወርዳል፤ በሸለቆውም ደርወንትና አሾፕተን የተባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ይህም ዜና የእነርሱ ነው፤ የዘመኑም ቁጥር ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

መንደሮቹ ገና ሳሉ በሼፊልድ፣ በደርቢ፣ በኖቲንግሃምና በሌስተር ከፋብሪካው ብዛት የተነሣ ሕዝቡ በዛ፤ ውሃም አነሰ። በ1899 በፓርላማ ሕግ የሸለቆውን ውሃ የሚያዝ ቦርድ ቆመ። ቦርዱም በወንዙ ላይ ግድብ ማሠራት ጀመረ፤ ሠራተኞቹም ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፤ ቢርቺንሊ በሚባልም ስፍራ የቆርቆሮ ከተማ ተሠራላቸው፤ ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ ሱቅም ነበረው። የሃውደን ግድብ በ1912፣ የደርወንት ግድብ በ1916 ተፈጸመ። የቆርቆሮው ከተማም ፈረሰ።

ከተሞቹ ግን አልረኩም። በ1935 ሌዲባወር የሚባለው ሦስተኛው ግድብ ተጀመረ፤ ውሃውም ሁለቱን መንደሮች የሚውጥ ሆነ። ቦርዱ ለተነሡት ከግድቡ በታች ቤት ሠራላቸው፤ ነገር ግን ቤት በቤት ይተካል እንጂ ደጃፍ በደጃፍ አይተካም። በ1943፣ በማርች 17 ቀን፣ ሕዝቡ በደርወንት ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰ። ሙታኑም አልቀሩም፤ አፅማቸው ከመቃብር ወጥቶ ወደ ባምፎርድ ሄደና በዚያ ዳግም ተቀበረ። የሞቱትን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር እንዴት ያለ ኀዘን ነው!

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበርና፣ በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት የእንግሊዝ አየር ኃይል 617ኛ ጓድ በደርወንት ግድብ ላይ ዝቅ ብሎ መብረርን ተለማመደ፤ በሜይም ሄዶ የጀርመንን ግድቦች መታ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1945 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ከንግሥቲቱ ጋር መጥቶ ሌዲባወርን መረቀ።

የደርወንት መንደር ቤቶች አስቀድመው ፈርሰዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ግን ለመታሰቢያ ቀርቶ ነበርና፣ ሹል ጫፉ ከውሃው ወጥቶ ይታይ ነበር። ዋናተኞችም ወደ እርሱ እየቀረቡ ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጡ፤ ስለዚህ ዲሴምበር 15 ቀን 1947 በፈንጂ ጣሉት። ለሰው ደኅንነት ነውና አልወቅስም፤ ነገር ግን ከሰመጠው መንደር ቆሞ የቀረው እርሱ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመንደሮቹ ወሬ ባይሆንም የሸለቆው ሰው ሳያነሣው አያልፍም። በዲሴምበር 1953 ጆሴፍ ታግ የሚባል ሽማግሌ እረኛ ቲፕ የተባለችውን ውሻውን አስከትሎ ወደ ደጋው ወጣ፤ አልተመለሰም። ክረምቱ አልፎ በማርች 1954 ሬሳው ሲገኝ፣ ውሻይቱ ከስታ፣ ነገር ግን በሕይወት፣ ከጎኑ ተኝታ ነበር። አሥራ አምስት ሳምንት ብርድና በረዶ ችላ ጌታዋን ጠበቀች። በደርወንት ግድብ አጠገብ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላታል።

ወደ ቀደመ ነገራችን እንመለስ። በደርወንት መንደር በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ጭነት የተሸከሙ ፈረሶች የሚሻገሩበት ጠባብ የድንጋይ ድልድይ ነበረ። ውሃው ሳይደርስ ድንጋዩ አንድ በአንድ ቁጥር እየተሰጠው ተነቀለ፤ በ1959ም ከሸለቆው ራስ፣ ስሊፐሪ ስቶንስ በሚባል ስፍራ እንደ ገና ተገነባ። ሁለቱ ቅስቶቹ ዛሬም ወንዙን ያሻግራሉ።

ዝናብ ሲጠፋ፣ እንደ 1976፣ እንደ 1995ና እንደ 2018፣ ውሃው ይሸሻል፤ የደርወንትም ግድግዳ ፍራሽ፣ የምድጃው ድንጋይ ከጭቃው ብቅ ይላል። ሰውም ሊያየው ይጎርፋል። በእንዲህ ያለ ዓመት በዚያ የምታልፍ አንባቢ ሆይ፣ ከዳር ቆመህ እይ፤ ከዚያ ምድጃ አንዲት ድንጋይ እንኳ አታንሣ።