የቁንጣሪ ጨው ሐውልት፦ የዳንዲ መታሰቢያና የሰላማዊ ትግል ቅርጽ

የሐውልት ጥበብ ለብዙ ዘመን ያደገው በነገሥታትና በጦር አዝማቾች ደጅ በመሆኑ፣ ፈረሱ፣ ሰይፉ፣ ረጅሙ ዓምድና የድል በሩ ዋነኛ መግለጫዎቹ ሆነው ኖረዋል። ጦር ሳያነሣ ነጻነቱን ያስመለሰ ሕዝብ ታሪኩን በድንጋይ ወይም በነሐስ ለማኖር ሲነሣ ግን ይህ የተወረሰ የቅርጽ ቋንቋ አይበቃውም፤ የትግሉ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ያልተመዘገበ ብዙ ሰው ነውና፣ መሣሪያውም መራመድን፣ መቀመጥን፣ ግብር አልከፍልም ማለትን የመሰለ፣ ከተፈጸመ በኋላ የሚጨበጥ ቅርስ የማይተው ድርጊት ነውና። በሕንድ ጉጃራት ግዛት፣ በዐረብ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ዳንዲ መንደር፣ ማህተመ ጋንዲ በተገደሉበት 71ኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 የተመረቀው ብሔራዊ የጨው ሳትያግራሃ መታሰቢያ ይህን ችግር በአመዛኙ የፈታ፣ በአንድ ቦታ ግን የተረታለት ሥራ ነው።

ሳትያግራሃ «እውነትን አጥብቆ መያዝ» ማለት ሲሆን፣ ባላጋራን ሳይጎዱ፣ የሚመጣውንም መከራ በራስ ላይ ተቀብሎ ኢፍትሐዊ ሕግን በግልጽ መጣስን ያመለክታል። የ1882ቱ የጨው ሕግ ጨው የማምረትና የመሸጥ መብትን ለቅኝ ገዢው መንግሥት ጠቅልሎ በመስጠቱና ግብርም በላዩ ስለተጫነበት፣ ከባሕር ዳር የሚኖር ድሃ እንኳ በደጁ የደረቀውን ጨው ማንሣት ወንጀል ሆኖበት ነበር፤ አሞሌ በገንዘብነት ባገለገለበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ሸክም እስከ ድሃው ጓዳ ዘልቆ እንደሚገባ ብዙ ማስረዳት አያሻም። ማርች 12 ቀን 1930 በአሕመዳባድ ከሚገኘው የሳባርማቲ አሽራም፣ ማለትም ጋንዲና ተከታዮቻቸው በጋራ ከሚኖሩበት ሠፈር፣ 78 ሰዎችን አስከትለው የወጡት የ60 ዓመቱ መሪ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ተጉዘው፣ ኤፕሪል 6 ጠዋት ከዳንዲ ዳርቻ ጭቃ የተቀላቀለበት ጨው ቆንጥረው አነሡ። በተከታዮቹ ወራት ከ60,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ።

ንድፉን ያስተባበረው በቦምቤይ የሚገኘው የሕንድ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን፣ የሥራው ጥንካሬ የጉዞውን ቁጥሮች ወደ ቦታ አቀማመጥ በመለወጡ ላይ ነው። ከሕንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ ቀራጮች የሠሯቸው ሰማንያ ያህል የተጓዦች ምስሎች በሰው ቁመት ተሠርተው በሰልፍ ተደርድረዋል፤ 24 የግድግዳ ቅርጾች ደግሞ የጉዞውን ታሪክ በየተራ ይተርካሉ። ስለዚህ ጎብኚው ታሪኩን ለመረዳት ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው መራመድ ይኖርበታል፤ አንድ ቦታ ቆሞ ቀና ብሎ በማየት ብቻ የሚያልቅ ነገር የለም። በኒው ዴልሂ የሚገኘውና በዴቪ ፕራሳድ ሮይ ቾውዱሪ የተቀረጸው የአሥራ አንድ ሰዎች ሐውልት ይህንኑ ጉዞ በጥሩ የጥበብ ኃይል ቢያሳይም፣ መራመዱን ለነሐሱ ሰጥቶ ተመልካቹን ቆሞ የሚያይ አድርጎታል።

ዳንዲ የሚረታው ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ነው። ከቅጥሩ መካከል 40 ሜትር ከፍታ ያላቸው፣ ሁለት እጆችን የሚወክሉ ምሰሶዎች ተጋጥመው የጨው ፍሬን የሚመስል የመስታወት ኪዩብ ተሸክመዋል፤ ሌሊትም በብርሃን ይታጀባል። ጎንበስ ብሎ ከመሬት የማንሣት ድርጊት እዚህ ወደ ሰማይ የማንሣት ድርጊት ሆኗል፤ የጋንዲ ብልሃት ግን ከእግር ሥር ያለውን፣ ማንም የሚደርስበትን ነገር በመምረጣቸው ላይ ነበር። ይህ የቁመት ፈተና በዚያው ግዛት ብርቱ እንደሆነ ለማየት፣ ከዳንዲ ምረቃ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የተመረቀውን 182 ሜትር የሚረዝመውን የሳርዳር ፓቴል ሐውልት ማስታወስ ይበቃል፤ ፓቴል ጉዞው ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው የታሰሩ የጋንዲ የቅርብ የትግል ጓድ ነበሩና ንጽጽሩ አግባብ አለው።

የጋንዲ አስከሬን በተቃጠለበት በዴልሂው ራጅ ጋት አርክቴክቱ ቫኑ ቡታ የመረጡት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጣሪያ የሌለው ጥቁር የእብነ በረድ መደብ ዝቅ ብሎ ተሠርቶ፣ የሚቀርበው ሰው ጫማውን እንዲያወልቅና ወደ ታች እንዲያይ ይደረጋል፤ ጫማ ማውለቅ በሰውነት የሚፈጸም አክብሮት በመሆኑ፣ የማንንም ምስል ሳያሳይ ትሕትናን ያስተምራል።

በዳንዲም ከራጅ ጋት ጋር የሚዛመድ፣ ከግዙፎቹ እጆች ይልቅ ትኩረት የሚገባው ክፍል አለ፤ ጎብኚዎች የጨው ውኃን በፀሐይ ኃይል በሚሠራ መሣሪያ አትንነው ቁንጣሪ ጨው ይዘው የሚሄዱበት ቦታ ነው። የሰልፉ ምስሎች ከሳባርማቲ የተነሡት ተጓዦች ወንዶች ብቻ ስለነበሩ የዚያን ዕለት ገደብ ይዘው ቀርተዋል፤ ከኤፕሪል በኋላ በየባሕሩ ዳርቻ ጨው ያፈሉትን ሴቶች፣ በሜይ 21 በዳራሳና የጨው ማምረቻ በር በብረት በተለበጠ ዱላ ሲደበደቡ እጃቸውን ያላነሡትን፣ በስፍራው የመሯቸውንም ሳሮጂኒ ናይዱን በቁጥሩ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ጨው የማትነኑ ሥራ ግን የተሳታፊ ዝርዝር የለውም፤ ከጉጃራት የመጣች ገበሬም፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳም ያንኑ ውኃ ይጨምራሉ፣ ያንኑ ጨው ይጠብቃሉ።