የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የሐኪምነትን በር ይዘጋል?



ሰሞኑን ከጽጽቃ የመጡ አንዲት እናት ደም ግፊታቸውን ተለክተው መድኃኒታቸውን ከተቀበሉ በኋላ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ዶክተር፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቷ ዝቅ አለባት። ሐኪም መሆኗ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ። ይህን ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ። ወደ ሕክምና የሚያስገባው በር ሁልጊዜም ውጤት ይጠይቃል፤ በሩ የቆመበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል።

በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ገና ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወሰዷቸው፤ ሕክምናን የተማሩትም ሕንድ ውስጥ ላሆር ነው። ከእሳቸው በኋላም ለረጅም ዓመታት ሐኪም መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠነው ግን ሐኪም ሳይሆን ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም በሩ አገር ውስጥ ገባ። በ1970ዎቹ ደግሞ ጎንደርና ጅማ ተከተሉ። በዚያ ዘመን ማትሪክ ማለፍ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሳይንስ ትምህርቶች የሚያመጣው ውጤትም ይታያል።

በ1990ዎቹ የመሰናዶ ትምህርት ሲመጣ ፍሬሽማን ቀረ። ያኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ተማሪውን በቀጥታ ወደ ሕክምና ያስገባው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። እናም ሕክምና ለመመደብ የፍሬሽማን ውጤትም ይታይ ጀመር። የእኚያ እናት ጭንቀት መነሻው ይህ ነው።

በመካከል ሌላ በርም ተከፍቶ ነበር። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ጀመረ። የተቀበለውም በጤና ወይም በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎችን ነው። የትናንት ነርስና ጤና መኮንን ተወዳድሮ ሐኪም ሆነ። ይህ ታሪክ የሚያሳየው በ18 ዓመቱ ያላለፈ ሰው በ28 ዓመቱ ሊያልፍ እንደሚችል ነው።

ነገር ግን ውጤት የልጅ ጉብዝና መለኪያ ብቻ አይደለም፤ ልጁ የኖረበት አገር ታሪክም አለበት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእኛ የዋግ ኽምራ ልጆች ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ከርሟል፤ የአበርገሌና የጻግብጂ ልጆች ከነቤተሰባቸው ተፈናቅለዋል። ከዚያም በፊት ድርቅና ርሃብ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በዚህች ከተማ ስም የታወጀው ያለ ምክንያት አይደለም። የቀነጨረ ሕፃን ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የመማር አቅሙም ይጎዳል። ስለዚህ የልጃችሁን ውጤት በእጃችሁ ስትይዙ፣ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ አብራችሁ አስቡ።

ታዲያ ለዚያች እናት ምን አልኳቸው?

አንደኛ፣ የቀረው ሴሚስተር ዋጋ አለው። ክሬዲቱ የበዛ ኮርስ ውጤቱን የበለጠ ያንቀሳቅሳል። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ በኤ ፋንታ ሲ ማግኘት 8 ነጥብ ያሳጣል፤ ባለ 2 ክሬዲት ላይ ግን 4 ብቻ። ልጅቷ ጉልበቷን እዚያ ታውል።

ሁለተኛ፣ የምደባ መስፈርት ይቀያየራል። የሰፈር ወሬ አትስሙ፤ የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ጤናዋን ጠይቁ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣች፣ መብላት ከተወች፣ ከሰው ከራቀች ወይም «መኖር ሰለቸኝ» ካለች ጉዳዩ የውጤት ብቻ አይደለም። መኖር ሰለቸኝ ካለች ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ብቻዋን ሳትተዉ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።

አራተኛ፣ «ሐኪም ካልሆንሽ» ብላችሁ አትጀምሩ። ዛሬ ማታ ስትደውሉ መጀመሪያ «በልተሻል ወይ?» በሏት፤ ውጤቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እናትየው ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ኮሪደር ላይ ደወሉላት። እናንተም ደውሉ። ይህን ጽሑፍ ፍሬሽማን ልጅ ላለው ወላጅ አጋሩለት።

ጤናችሁ ይብዛ።