የተሰረዘ ታሪክ፤ የ‹ሃሎዊን› የመጨረሻ ክፍል በታሪክ ተማሪ ዓይን



የታሪክ መምህር ስለ አስፈሪ ፊልም ሊናገር መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ሆኖም በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ‹የሰይጣን ቤት› ብሎ እንደ ጠራው ስናስታውስ፣ ፊልምና ፍርሃት ወደ አገራችን አብረው እንደ ገቡ እንረዳለን። ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ‹ሃሎዊን› የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ከ1978 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አሥራ ሦስት ክፍሎች የወጡለት ሲሆን፣ በእነዚህ 44 ዓመታት ውስጥ የገዛ ታሪኩን ደጋግሞ ሰርዟል። ያለፈውን መሰረዝ የሚችል ማን ነው? በምንስ ሁኔታ? ይህ ጥያቄ የእኛው የሙያ ጥያቄ ነው።

ጆን ካርፔንተር ከዴብራ ሂል ጋር ጽፎ የመጀመሪያውን ክፍል ሲያዘጋጅ በእጁ የነበረው ገንዘብ 300,000 ዶላር ገደማ ነበር። የገዳዩ የማይክል ማየርስ ጭምብል እንኳ ከሱቅ የተገዛ የ‹ስታር ትሬክ› ካፒቴን ኪርክ መልክ ነው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ለሥራ ዋለ። ሰውየው ለምን እንደሚገድል ፊልሙ አይነግረንም፤ ኃይሉም በዚሁ ዝምታ ላይ የቆመ ነው። የ1981ዱ ተከታይ ግን ምክንያት ፈለገለት፤ የሚያሳድዳት ሎሪ ስትሮድ እኅቱ ናት አለ። የ1998ቱ ክፍል ደግሞ አራተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን እንዳልተሠሩ ቆጥሮ አለፋቸው። በ2002 ሎሪ ሞተች። በ2018 ዴቪድ ጎርደን ግሪን ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም ሲሰርዝ ሎሪ በሕይወት ተገኘች፤ የእኅትነቱም ነገር ሰዎች የፈጠሩት ወሬ ነው ተባለ።

(በቪዲዮ ቤት ዘመን ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቀንም ነበር። ካሴቱ በመጣበት ተራ ይታያል፤ አራተኛውን ያየ ሰው አንደኛውን ከወራት በኋላ ሲያገኝ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ይቀጥላል።)

ሁለቱን ስረዛዎች ለመመዘን ከሩቅ መስፈርት መፈለግ አያስፈልገንም። ከሰመራ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ይለያል፤ ከማንና የት እንደ ሰማ ይናገራል፤ ሐሰት ያቀበለ ተአማኒነቱን ያጣል። አዲስ ዳጉ አሮጌውን ሊያርም ይችላል፤ ነገር ግን የሚታረመው ነገር በስሙ መጠራት አለበት። በዚህ ሚዛን የ1998ቱ ስረዛ መሸሸግ ነው። የ2018ቱ ግን ያለፈውን ወሬ ጠርቶ ስለሚያስተባብለው፣ ከገበያ ፍላጎት የመነጨ ቢሆንም፣ ወደ እርማት ይቀርባል።

በ2022 የወጣው ‹ሃሎዊን ኤንድስ› ብዙ የተከታታዩን ወዳጆች አስቆጥቷል፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን አጋማሽ ከተከታዮቹ ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ማይክል በፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ለረጅም ጊዜ አይታይም፤ የታሪኩ መካከል ኮሪ ከኒንግሃም የተባለ ወጣት ነው። እንዲጠብቀው የተሰጠው ሕፃን በአደጋ እጁ ላይ ሞቶበታል፤ የሃዶንፊልድ ሰዎች ግን ነፍሰ ገዳይ ብለው ሰይመውታል፤ ቀስ በቀስም የሰየሙትን ይሆናል። ለውጡ ከመጠን በላይ ቢፈጥንም ሐሳቡ ከባድ ነው፤ ማኅበረሰብ ያልተፈወሰ ቁስሉን የሚያራግፍበት ሰው ሲፈልግ የሚሆነውን ያሳያል። በአገራችን የቅርብ ዓመታት ታሪክ ላይ የምትሠሩ ተማሪዎች ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ።

የሚያሳዝነው ፊልሙ የጀመረውን መተዉ ነው። በመጨረሻ ጄሚ ሊ ከርቲስ የምትጫወታት ሎሪ ማይክልን ትገድላለች፤ የከተማው ሰው ሬሳውን በሰልፍ አጅቦ ይወስዳል፤ ሎሪም ብረት መፍጫ ማሽን ውስጥ ትጨምረዋለች። ሁሉም ቆሞ ያያል። ከዚያ ሕዝብ መካከል በኮሪ ላይ ስለ ተደረገው የሚጠየቅ አንድም ሰው የለም።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።