ከቅድስት ክሪስኮና ኮረብታ እስከ ጋፋት፦ የአንድ ሚሲዮን ማሠልጠኛ የዕለት ኑሮ እና ያፈራቸው እጆች



ስለ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘመን ያነበበ ሁሉ የጋፋትን ፈረንጆች ያውቃቸዋል። ሴቫስቶፖል የተባለውን መድፍ ያቀለጡ፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት አብረው የተጓዙ፣ በመጨረሻም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር የወጡ ሰዎች ናቸው። በታሪክ መጻሕፍታችን የሚነሣው ጥያቄ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች እንዴት መድፍ ሠሪዎች ሆኑ የሚል ነው፤ የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ንጉሡ አስገደዷቸው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ የምናገኘው እነዚህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በኖሩበት ቤት፣ በዚያ ቤት የዕለት ኑሮ ውስጥ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ቤት ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ቤቱ የሚገኘው በስዊዘርላንድ፣ ከባዝል ከተማ አጠገብ፣ ቤቲንገን ከምትባል መንደር በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። ከኮረብታው አናት ላይ በቅድስት ክሪስኮና ስም የተሠራ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ተዘንግቶ የነበረ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የተባለው ከቩርተምበርግ የመጣ የባዝል ነዋሪ ይህን ሕንፃ ተረክቦ በ1840 የምናኔ ሚሲዮን ሊባል የሚችለውን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ የጀርመንኛው ስም በጥሬው «የተጓዦች ሚሲዮን» እንደማለት ነው። ሽፒትለር ራሱ ካህን አልነበረም፤ የማኅበራት ጸሐፊ ነበር። ባዝል ሚሲዮን በ1815 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ የክሪስኮና ተማሪዎች ያደሩትም የተማሩትም በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ወደዚህ ኮረብታ የወጡት እነማን ነበሩ? የቩርተምበርግና የስዊዘርላንድ መንደሮች ልጆች፣ ገበሬዎችና ባለ እጆች ናቸው። ላቲንና ግሪክ ያልተማሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የማይቀበላቸው፣ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ባለሙያ ሥር ተለማምደው የእጅ ሙያ የያዙ ወጣቶች። በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው ዮሐን ማርቲን ፍላድ፣ በ1831 ኡንዲንገን በተባለች መንደር የተወለደው፣ ሙያው ኮርቻ ሠሪነት ነበር። ይህን ዝርዝር እንደ ጌጥ አትመልከቱት። ሽፒትለር የፈለገው ይህን ዓይነት ሰው ነበር፤ ሙያውን ጥሎ የሚመጣውን ሳይሆን ይዞት የሚመጣውን።

የኮረብታው ቀን በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይጀመራል፤ የቀኑ ሌላ ክፍል ለእጅ ሥራ የተሰጠ ነበር። መሬቱ ይቆፈራል፣ አትክልቱ ይኮተኮታል፣ ሕንፃው ይጠገናል፣ እያንዳንዱ በሙያው ይሠራል። ለዚህ ሁለት ምክንያት ነበረ። አንደኛው ድህነት ነው፤ ቤቱ የሚኖረው በምጽዋትና በራሱ ሰዎች ጉልበት ነበር። ሁለተኛው መርሕ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንደሰበከ ሁሉ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣውም ሰው ሄዶ በሚቀመጥበት አገር በእጁ ሠርቶ እየበላ፣ በአኗኗሩ እንዲመሰክር ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ እርሻውና የእጅ ሥራው ከትምህርቱ የተረፈ ሰዓት መሙያ አልነበሩም፤ ራሳቸው ትምህርት ነበሩ። ማለዳ መጽሐፍ የያዘው እጅ ከሰዓት በኋላ መጥረቢያ ይይዛል፤ ሁለቱም በአንድ አለቃ ሥር፣ በአንድ የታዛዥነት ሕግ ይከናወናሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛ «አገልግሎት» የምንለው ቃል የቅዳሴውንም የዕለት ሥራውንም ይሸከማል፤ ቀዳሹም አገልጋይ ነው፣ ውኃ ቀጂውም አገልጋይ ነው። ግን ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማየት አይቀናንም። ደብተራው ወናፍ አይነፋም፤ ወናፍ የሚነፋውም ቅኔ አይቀኝም ብለን እናስባለን። በክሪስኮና የነበረው ሥርዓት ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን ውስጥ አገናኛቸው። ወደ ጋፋት ስንደርስ ይህን አስታውሱት።

በዚያው ከተማ የነበረው የባዝል ሚሲዮን ቤት ከዚህ ይለያል። እርሱም ከገበሬና ከባለ እጅ ቤተሰብ የመጡትን ይቀበል ነበር፤ ነገር ግን የትምህርቱ ዘመን ረዘም ያለ፣ ደንቡም ጠንከር ያለ ነበር። ተመራቂው የሚሲዮኑ ደመወዝተኛ ሆኖ ይሄዳል፤ ሚስት እንኳ የሚያገባው የኮሚቴውን ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ሳሙኤል ጎባትና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ ታሪክ ስማቸው የታወቀ፣ የባዝል ልጆች ናቸው። የክሪስኮናው ተመራቂ ግን ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ሆኖ አልወጣም። ሙያው ደመወዙ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይህ የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ይመስላል፤ በእኔ ንባብ ግን ከጋፋት በስተጀርባ ካሉት ምክንያቶች ትልቁ ይህ ነው።

ሽፒትለር «የሐዋርያት መንገድ» የሚል ዕቅድ ነበረው፤ ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ አሥራ ሁለት ጣቢያዎች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሐዋርያ ስም የሚጠሩ፣ ባለ እጆች የሚቀመጡባቸው። በግብፅና በሱዳን ጥቂቶቹ ተጀምረው ነበር፤ ሙሉው መንገድ ግን አልተዘረጋም። ጎባት በወጣትነቱ በኢትዮጵያ የሠራ፣ በኋላም ከ1846 ጀምሮ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የሆነ ሰው ነው፤ ዕቅዱን ከሽፒትለር ጋር ተባብሮ ወደ ኢትዮጵያ አቀናው። በ1855 ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት ክራፕፍና ፍላድ ሁኔታውን ሊያጠኑ መጡ። በካይሮ በእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩት አቡነ ሰላማም ሆኑ ንጉሡ ያሳዩት ዝንባሌ ግልጽ ነበር፤ ሰባኪ ሳይሆን ባለ እጅ ይፈለጋል። ለኮረብታው ይህ መልስ እንቅፋት አልነበረም፤ ያሠለጠናቸው ሰዎች ሁለቱንም ነበሩና። በ1856 ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ገቡ፤ ትንሽ ቆይቶ ቫልድማየርና ዛልሙለር ተከተሏቸው።

አሁን የነዚህን ሰዎች ሁኔታ በዕለት ኑሮ ዓይን እንመልከተው። ከአውሮፓ የሚመጣ ቋሚ ደመወዝ የላቸውም። በሙያቸው ገበያ ወጥተው እንዳይኖሩ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ለባለ እጅ የሚሆን ሰፊ ገበያ የለም፤ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂው «ቡዳ» እየተባለ የሚፈራና የሚገለል ነው። ሥራቸውን ሊገዛ የሚችል፣ ከስድብም ሊከልላቸው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እርሱም ንጉሡ ናቸው። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው፣ ቀለባቸውን ሰጧቸው፣ የክብር ልብስ አለበሷቸው። በኮረብታው ላይ የተማሩት «በእጅህ ሠርተህ ብላ» የሚለው ሥርዓት በኢትዮጵያ ምድር ሲተከል «በንጉሡ እጅ ብላ» ሆነ። ነፃ ያወጣቸዋል የተባለው ሙያ ለአንድ ገዢ አሰራቸው።

መድፉ የመጣው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ንጉሡ መድፍ እንዲቀልጥ ሲያዙ ባለ እጆቹ እንደማያውቁ ተናገሩ፤ ከመካከላቸው ብረት ማቅለጥ የተማረ አልነበረምና እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ንጉሡም አልተዉም፣ እነርሱም ሥራውን ትተው አልሄዱም። ሞሪትዝ ሀል የተባለው ከፖላንድ የመጣ ሰው በማቅለጡ ሥራ ዋና ረዳት ሆነ። በመጨረሻ ወደ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴቫስቶፖል ወጣ፤ በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ተራራ ለተራራ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ባለ እጆቹ ለመጎተቻ የሚሆን መንገድ በመሥራትም ነበሩበት። ጎበዝ ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ «ለምን እምቢ አላሉም?» ብለው ይጠይቁኛል። ማለዳ ጸልየህ ከሰዓት በኋላ የታዘዝከውን በእጅህ ሥራ በሚል ሥርዓት ያደገ ሰው፣ ቀለቡም ከአዛዡ የሚመጣ ከሆነ፣ እምቢታን የሚማርበት ሰዓት በቀን መርሐ ግብሩ ውስጥ አልነበረም። ይህ ጥፋታቸውን ለማቅለል የምለው አይደለም፤ መድፉ የማን ጠላት ላይ እንደሚተኮስ ያውቁ ነበር።

ጋፋት ግን መድፍ ብቻ አልነበረችም። ቫልድማየር የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ፣ ከኮሚቴ ፈቃድ ርቆ፣ ግማሽ ኢትዮጵያዊ ቤት መሠረተ፤ ዛልሙለርም እንዲሁ ከቤል ቤተሰብ አገባ። በግቢያቸው ሕፃናት ፊደል ይቆጥሩ ነበር፤ የኮረብታው ሥርዓት በትንሹ ተባዝቶ ማለት ነው። ፍላድ ደግሞ በደምቢያ በቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጠ። ይህ ምርጫ ሌላ ትኩረት የሚሻ ነው፤ ቤተ እስራኤል ራሳቸው ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። ኮርቻ ሠሪው ፍላድ ባለ እጅ በመሆናቸው ከተገለሉ ሰዎች ጋር ዋለ። የእምነት ክርክሩ በብዙ ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ በሁለት ዓይነት ባለ እጆች መካከል የነበረው ግንኙነት ግን ገና በቂ ጥናት አላገኘም።

እስካሁን ያልኩት ከኮረብታው ወደ እኛ ስለመጡት ነው። ከእኛ ወደ ኮረብታው የወጡትም አሉ፤ የዕለት ኑሮ ታሪክ ስንል የእነርሱም መሆን አለበት።

ከኮረብታው ግርጌ ሪየን በተባለች መንደር ሽፒትለር በ1852 የዲያቆናዊት ሴቶች ቤት አቋቁሞ ነበር። እዚያ ካገለገሉት መካከል ጳውሊና ፋጥሜ የተባለች፣ በባርነት ተሽጣ አውሮፓ የደረሰች የኦሮሞ ወጣት ትገኛለች፤ በ1855 እዚያው ሞታ እዚያው ተቀበረች። ሩፎ የተባለው ከባርነት ነፃ የወጣ የኦሮሞ ወጣት ደግሞ በክሪስኮና ተቀምጦ ክራፕፍን በኦሮምኛ ትርጉም ረዳው። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ፍላድ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ወደ ኮረብታው ወሰደ፤ ከእነርሱ አንዱ ሚካኤል አረጋዊ ነበር። ተመልሶ ለረጅም ዘመን በደምቢያ የነበረውን የሚሲዮን ሥራ የመራው እርሱ ነው፤ አውሮፓውያኑ እንዳይገቡ በተከለከሉባቸው ዓመታት ሁሉ ሥራውን የያዙት እርሱና ባልንጀሮቹ ናቸው። በኢየሩሳሌም በሽኔለር የሕፃናት ማሳደጊያ የተማረው ገብሩ ደስታም በክሪስኮና አልፏል። ኋላ ከንቲባ ገብሩ የተባሉት፣ የጎንደር ከንቲባና የምኒልክ ዘመን ዲፕሎማት የሆኑት፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አባት ናቸው።

ኮረብታው የራሱ ማተሚያ ቤት ነበረው፤ በአውሮፓ የግእዝ ፊደል ካላቸው ጥቂት ማተሚያ ቤቶች አንዱ ነበር። ክራፕፍ ያረመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1870ዎቹ እዚያ ታተመ። አለቃ ዘነብ፣ የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት፣ ወደ ኦሮምኛ ከተረጎሟቸው ክፍሎችም እዚያ የታተሙ አሉ። እስቲ የዚያን ቤት ሥራ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን የፊደል ዓይነቶች በየሣጥናቸው ማደላደል፣ አንድ በአንድ መልቀም፣ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ» ሳያምታቱ መደርደር፣ እርማት ማውጣት። አማርኛ የማያውቅ የስዊስ ፊደል ለቃሚ ይህን ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ አጠገቡ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። በመጽሐፎቹ ርእስ ገጽ ላይ የምናየው ግን በአብዛኛው የአውሮፓዊውን አራሚ ስም ነው።

ከዚህ ልማድ ለየት ብሎ የሚታየው የአናሲሞስ ነሲብ ሥራ ነው። በስቶክሆልም ዮሐነሉንድ በተባለው የስዊድን ሚሲዮን ማሠልጠኛ ከ1876 እስከ 1881 የተማረው አናሲሞስ፣ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ፣ አስቴር ጋኖ ባሰባሰበችው የቃላት ሀብት እየታገዘ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳኑ በ1893 በምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ግን ወደ ክሪስኮና ተላከ፤ አናሲሞስም ተከትሎ ሄዶ ኅትመቱን በኮረብታው ላይ ተቀምጦ ተቆጣጠረ። በባርነት ተሽጦ የነበረ ሰው፣ በሌላ ቤት የሠለጠነ፣ በዕድሜ የበሰለ ሊቅ፣ የወጣት ባለ እጆች ማሠልጠኛ በሆነ ቤት ውስጥ ቀኑን በእርማት ወረቀት ላይ አጎንብሶ ይውላል። ተማሪም አልነበረም፣ አለቃም አልነበረም፤ የኮረብታው የሥራ ሰዓት ግን እርሱንም ይገዛው ነበር። መጽሐፉ በ1899 በግእዝ ፊደል ወጣ። አናሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ከኮረብታው የወጣው ያ መጽሐፍ በእጁ ነበር።