ስለ ዲቃላው ወይንና ስለ ጣና ዳርቻ

ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ፥ በሊቦ ከምከም ምድር፥ ይፋግ የምትባል የቆየች የገበያ ስፍራ አለች። በጎንደርና በደብረ ታቦር መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ የሚያርፍባት ስለ ነበረች በ19ኛው ምዕት ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የውጭ አገር መንገደኞች ብዙዎቹ ስሟን ጽፈዋል፤ ስሟንም ሲጽፉ ከገበያዋ ጋራ ወይኗን ያነሣሉ። ከእነርሱ አስቀድሞ በ1770 ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚያ አውራጃ ብርቱና መልካም የወይን ጠጅ እንደሚጠመቅ፥ የአገሩ ሰው ግን እምብዛም እንደማይወደው፥ ተክሉንም በጥቂት ስፍራ ብቻ እንደሚተክለው ተናግሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጠጅና ጠላ የሞላው ሕዝብ የወይን ጠጅ ባይናፍቅ የሚደንቅ ነገር የለበትም።

ሕዝቡ ባይናፍቀውም ቤተ ክርስቲያን ያለ ወይን ፍሬ አትቀድስም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የወይን ነገር ከማዕድ ይልቅ የቤተ ልሔም ነገር ሆኖ ኖረ። ዲያቆኑ ዘቢቡን አጥቦ በውሃ ያርሰዋል፤ አሽቶ ይጨምቀዋል፤ አጥርቶም ወደ ጽዋው ያቀርበዋል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ይህንኑ ሥርዓት አይቶ ጽፏል፤ ይኸውም ልማዱ ከአምስት መቶ ዓመት ወዲህ እንዳልተለወጠ ያስረዳል። ዘቢብ ደረቅ ስለ ሆነ ከሩቅ አገር በጭነት ይመጣል፤ ሳይበላሽም ይቀመጣል። ወይኑ በደጅ ባይበቅልም ቅዳሴው አይታጎልም ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ቅለት አንድ ጉዳት አለው፤ ዘቢቡ በገበያ እስከ ተገኘ ድረስ ስለ ተክሉ የሚጨነቅ ሰው አይኖርም። የይፋግ ወይን ዝና እየደበዘዘ ሲሄድ ብዙ ሰው ሳያዝንለት የቀረውም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

የይፋግ ወይን ስሙ በተነሣበት በዚያው ምዕት ዓመት በባሕር ማዶ የወይን ተክል ሁሉ ታሞ ነበረ። ደዌው የጀመረው በ1845 በእንግሊዝ አገር ነው። ማርጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተከር የሚባል አትክልተኛ በወይኑ ቅጠልና ፍሬ ላይ አመድ የተነሰነሰ የሚመስል ሻጋታ አየ። ይህ ሻጋታ ኦይዲየም ተባለ፤ ዘሩም ከአሜሪካ የመጣ ነበረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ ኢጣሊያ፥ እስከ ማዴራ ደሴትም ተሻገረ፤ በ1854 የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ምርት ወደ 11 ሚሊዮን ሄክቶሊትር ገደማ ዝቅ አለ። በመጨረሻ መድኃኒቱ ተገኘ፤ የድኝ ዱቄት በቅጠሉ ላይ መንፋት ነው።

ሁለተኛው መቅሠፍት ግን በድኝ አልተመለሰም። የኤውሮፓ አትክልተኞች ሻጋታውን የሚችል ተክል ፍለጋ የአሜሪካን የዱር ወይን ከነሥሩ ያስመጡ ጀመር። ቀድሞ በሸራ መርከብ ሲመጣ መንገዱ ረዥም ስለ ነበረ በሥሩ ላይ የተሸሸገው ተባይ በጉዞው ይሞት ነበር፤ የእንፋሎት መርከብ መንገዱን ባሳጠረ ጊዜ ግን ተባዩ በሕይወት ተሻገረ። ይህች ፊሎክሴራ የተባለች፥ ቅማል የምትመስል፥ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ከወይኑ ሥር ተጣብቃ ትመጣለች፤ ያቆሰለችው ሥር ይበሰብሳል፤ ተክሉም በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርቃል። በ1863 ገደማ በሮን ወንዝ ሸለቆ ወይን ያለ ምክንያት ሲሞት ታየ። በ1868 የሞንፔልዬው ሊቅ ፕላንሾንና ባልንጀሮቹ ከሞተው ተክል አልፈው ገና በሕይወት ያለውን ነቅለው ሥሩን በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱ ተባዩን አገኙት። የሞተውን ብቻ ቢመረምሩ ኖሮ ባላገኙትም ነበር፤ ተባዩ ተክሉ ሲሞት ትቶት ወደ ሕያው ይሄዳልና። በ1875 ከ84 ሚሊዮን ሄክቶሊትር በላይ የነበረው የፈረንሳይ ምርት በ1889 ወደ 23 ሚሊዮን ወረደ። መንግሥቱ መድኃኒት ላገኘ 300,000 ፍራንክ እሰጣለሁ ብሎ ዐወጀ፤ ሽልማቱን ግን የወሰደ የለም።

መድኃኒቱ ከደዌው አገር መጣ። የአሜሪካ የዱር ወይን ከተባዩ ጋራ ከጥንት ጀምሮ አብሮ የኖረ ስለ ሆነ ሥሩ ቢነከስ ቁስሉን በቅርፊት ይዘጋዋል። ስለዚህ የኤውሮፓውን የከበረ ወይን ቅርንጫፍ ቆርጠው በአሜሪካው የዱር ሥር ላይ ቀጠሉት። ነገሩ ግን በአንድ ጊዜ አልተቃና። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሥሮች ኖራ በበዛበት አፈር ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ጠወለጉ፤ በ1887 ፒየር ቪያላ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ወደ አሜሪካ ተልኮ በቴክሳስ አገር በዴኒሰን ከሚኖረው ከቶማስ መንሰን ዘንድ ኖራ የሚችለውን የዱር ወይን ተማረ። ለመንሰንም በ1888 የፈረንሳይ መንግሥት የእርሻ ኒሻን ሰጠው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ሥር ላይ ስለ መግባቱ ይናገራል፤ ይህም ከተፈጥሮ ልማድ ውጭ እንደ ሆነ ራሱ ያስረዳል። በወይኑ የሆነው የዚያ ግልባጭ ነው፤ መልካሙ ቅርንጫፍ በዱሩ ሥር ገባ። ዛሬ ከጥቂት ስፍራ በቀር በኤውሮፓ ስሙ የገነነ ወይን ሁሉ የቆመው በአሜሪካ የዱር ሥር ነው። ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ስለ ዲቃላው የተነሣው ክርክር የሚገባው በዚህ ነውና።

መቀጠል አንድ ነገር፥ ማዳቀል ሌላ ነገር ነው። በመቀጠል ሥሩ የአንዱ፥ ፍሬው የሌላው ሆኖ ይኖራል። በማዳቀል ግን ሁለቱ ዘር በአንድ ፍሬ ይዋሐዳል። አዳቃዩ የአንዱ ወይን አበባ ገና ሳይፈነዳ ክዳኑን በወረንጦ ያነሣል፤ የወንዴውን ክፍል ይነቅላል፤ የሌላውን ወይን የአበባ ብናኝ ያርከፈክፍበታል፤ ነፋስና ንብ ሌላ እንዳያመጡበትም በወረቀት ከረጢት ይሸፍነዋል። ከዚያ ፍሬ የወጣው ዘር ይዘራል፤ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመቅመስ ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መታገሥ ያሻል፤ ከብዙ መቶ ችግኝ አንዱ ቢመረጥ ነው። በፈረንሳይ አገር ኦብናስ በምትባል ከተማ የኖሩት ዦርዥ ኩደርክና አልበርት ሲቤል በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን ፈጁ። በ1936 የሞተው ሲቤል ብዙ ሺህ ዲቃላ አስገኝቷል፤ ከእነዚያም በመቶ የሚቈጠሩት ወደ ገበሬው እጅ ገብተዋል። የፈለጉት አንድ ነገር ነበረ፤ ሥሩና ቅጠሉ እንደ አሜሪካው የሚታገሥ፥ ፍሬው እንደ ኤውሮፓው የሚጣፍጥ ተክል። ይህ ብዙ ጊዜ በግማሽ ብቻ ተሳካ፤ ከአንዳንዱ ዘንድ እንግሊዞች የቀበሮ ሽታ የሚሉት የዱሩ ጠረን አልለቀቀም።

ዲቃላ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው፤ ከሁለት ዘር የተገኘውን እንስሳና ተክል ይጠራበታል፥ ያለ ጋብቻ የተወለደውንም ልጅ ይነቅፍበታል። የፈረንሳይ ሕግ ሁለቱን ፊት በአንድነት ያየ ይመስላል። በ1930ዎቹ የወይን ጠጅ ከፈላጊው በልጦ ዋጋው በወደቀ ጊዜ በታኅሣሥ ወር 1934 የወጣው ሕግ ስድስት የአሜሪካ ዘር ያለባቸውን ወይኖች ከለከለ፤ ስማቸው ኖኅ፥ ክሊንተን፥ ኦቴሎ፥ ኢዛቤላ፥ ዣኬና ኤርብሞን ነው። ጠጃቸው ሰውን ያሳብዳል የሚል ወሬም ተነዛ፤ ይልቁንም በኖኅ ላይ። የወይን ተክል በመጀመሪያ የተከለና በጠጁ የሰከረ የጻድቁ ሰው ስም በተሰጠው ተክል ላይ እንዲህ መባሉ ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ሳያስፈግገው አይቀርም። ይሁን እንጂ ክልክሉ ድሃውን ገበሬ ከዲቃላው አላላቀቀውም፤ መድኃኒት የማይገዛለት፥ ብዙ የሚያፈራለት ተክል ነበርና። በ1958 በፈረንሳይ ወደ 400,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በልዩ ልዩ ዲቃላ ወይን ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሕግና በገንዘብ ካሳ እያስነቀሉ ጥቂት ብቻ አስቀሩ።

በጀርመን ግን በ1967 ሬገንት የሚባል ወይን ተዳቀለ፤ በአንድ ወገን ቅድመ አያቶቹ የአሜሪካ ዘር አለባቸው፤ ነገር ግን ከኤውሮፓው ወይን ጋራ ደጋግሞ ስለ ተዳቀለ በመዝገብ ከኤውሮፓው ወገን ተቈጠረ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው ነው። በ2021ም የኤውሮፓ ኅብረት በታወቀ የቦታ ስም የሚሸጥ የወይን ጠጅ ከዲቃላ ወይን ሊሠራ እንዲችል ፈቀደ፤ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚረጨው መድኃኒት አፈሩንና ውሃውን ማስቸገሩ ነው። ስድስቱ የተከለከሉት ግን እንደ ተከለከሉ ናቸው።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1849 በማሳቹሴትስ አገር ኤፍሬም ቡል የሚባል ሰው ከዘር ካበቀላቸው አንዱን መርጦ ኮንኮርድ አለው፤ በአብዛኛው የአሜሪካ፥ በከፊልም የኤውሮፓ ዘር ያለበት ወይን ነው። በ1869 የጥርስ ሐኪምና የሜቶዲስት ምእመን የነበረው ቶማስ ዌልች የወይን ጭማቂን በጠርሙስ አሽጎ በፍል ውሃ በማሞቅ ሳይፈላ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ያደረገውም ለቤተ ክርስቲያኑ ቁርባን ነው፤ ኮንኮርድም የዚህ ጭማቂ ዋና ፍሬ ሆነ። ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የራቀ ቢሆንም፥ ያልሰከረ የወይን ፍሬ ጭማቂ በመፈለጉ ከዘቢቡ ጋራ ይመሳሰላል። ዲያቆኑ በውሃና በዘቢብ ያገኘውን ሐኪሙ በእሳትና በጠርሙስ አገኘው።

ወደ ጣና ስንመለስ ይህ ሁሉ ስለ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። የጣና ባሕር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናም ይዘንማል፤ እርሱም በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ብርድ የሚያስተኛው ክረምት ስለሌለ ወይኑ እንደ ኤውሮፓ አይደርቅም፤ አትክልተኛው በመግረዝ ያነቃዋል። ዝናሙ ካባራ በኋላ ቢገረዝ ፍሬው በበጋ ይበስላል። ዛሬ በኢትዮጵያ ትልቁ አዲስ የወይን እርሻ ያለው በዝዋይ አጠገብ ነው፤ በዚያ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካበርኔና ሻርዶኔ የሚባሉትን የኤውሮፓ ወይኖች ተክሏል፤ ጠጁንም በ2014 ለገበያ አቅርቧል። ዝዋይ ግን ከጣና ደረቅ ነው። በጣና ዳርቻ ሦስት አራት ወር ሙሉ የረጠበ ቅጠል በ1878 ገደማ ወደ ኤውሮፓ የገባውን ሌላውን የቅጠል ሻጋታ ይጋብዛል፤ ለእርሱ የመዳብ ጨውና የኖራ ውሃ ደጋግሞ መርጨት ያስፈልጋል። አመድ መሳዩ ኦይዲየም ደግሞ ዝናም እንኳ አይጠብቅም። ገንዘብና መርጫ ያለው ኩባንያ ይህን ይችለዋል፤ የደብር አትክልት ጠባቂ ግን በምን አቅሙ? ለእርጥብና ለሞቃት አገር የተስማማው፥ በብዙ እርጥብ አገሮች በየቤቱ ደጃፍ ያለ ብዙ ድካም የሚያፈራው፥ ፈረንሳይ የከለከለችው ኢዛቤላና መሰሎቹ ናቸው።

ሙያውም ከዚያ አገር የራቀ አይደለም። በዘጌ የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምዶ ማረስን ትቶ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ የኖረ ነው፤ ግንድ መግረዝና ጥላ ማመጣጠን ያውቃል። ቋሚ ተክል መጠበቅ ለሚያውቅ ሰው ሐረግ ማሳደግ አይከብደውም።

የሚቀረው የመቅደሱ ጥያቄ ነው፤ በዱር ዘር የተደባለቀ ወይን ፍሬ የወይን ፍሬ ይባላልን? የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚሻው ከወይን ፍሬ የተገኘ፥ ባዕድ ነገር ያልገባበት ጽዋ ነው። በውሃ ውስጥ ማር ወይም ሌላ ፍሬ መጨመር ባዕድ ማግባት ነው፤ የሁለት ወይን ዘር በአንድ ፍሬ መገናኘት ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው። የዱሩ ወይን አበባውም፥ ሐረጉም፥ ዘለላውም፥ ፍሬውም ወይን ነው፤ ባይሆን ኖሮ ከኤውሮፓው ጋራ ተዳቅሎ የሚያፈራ ልጅ ባልወለደ ነበር፤ በቅሎ መካን ናት፥ ዲቃላ ወይን ግን ዘሩ ይበቅላል። የከበረውም ወይን ቢሆን በዱር ሥር ቆሞ ነው የሚያፈራው፤ ከእርሱ የተሠራውን ዘቢብ ማንም ሥሩ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ይህን አይቶ ቁርጥ ቃል የሚሰጠው የሊቃውንት ጉባኤ ነው።

እስከዚያው በ37ቱ የጣና ደሴቶች መካከል ገዳም ያለባቸው ሁሉ ዘቢባቸውን ከየብስ ያሻግራሉ። ከባሕር ዳር ገበያ የተገዛው ዘቢብ በከረጢት ታስሮ፥ ከስንዴ ዱቄቱና ከዕጣኑ ጋራ በታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ይጫናል፤ ዲያቆኑም ውሃ እንዳይነካው ከጭኑ ላይ አስቀምጦ ይሻገራል።